ሦስቱ ሜትሮች የት ገቡ?

አንድ መሬት፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ በአንድ ቀን ሦስት የተለያየ መጠን ሲይዝ አይቻለሁ። ያየሁት ቀጨኔ ነው። ጠዋት የተጀመረ ነገር ጀምበር ሳትጠልቅ አለቀ። አለቀ እላለሁ እንጂ በእኔ ውስጥ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ የምጽፍላችሁም ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ አዲሱ ገበያ አንድ ወፍጮ ቤት እህል እመዝን ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ እናቴ «ይሄ ልጅ እግሩ ላይ ጉንዳን አለበት» ትለኝ ነበር። ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ቤት መምታቱን የለቀምኩት ከለቅሶ ቤት አልቃሾች ነው። ሌላውን ሁሉ ያነበብኩት የሰፈራችን ባለሱቅ ጋሽ ኑሪ ስኳር ከሚጠቀልሉበት ወረቀት ላይ ነው። ጋሽ ኑሪ አሮጌ የትምህርት መጻሕፍት በኪሎ ይገዛሉ፤ እኔ ከመቀደዳቸው በፊት እንዳነብ ይፈቅዱልኛል። የእጽዋት ክፍሎችን ያወቅኩት፣ የወንዞችን ስም የሸመደድኩት እዚያ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ነው።

ከነዚያ ወረቀቶች አንዱ ላይ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ነበር፤ በጥጉ ውስጥ ሌላ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ተወሽቃለች። ሁለቱም አንድ ማዕዘናቸው እንደ መስኮት ጥግ ቀጥ ያለ ነው። ትንሿ የትልቁ ግልገል ትመስላለች። የአንዷን ጎኖች ካወቅህ የሌላውን ጎዶሎ ጎን ታገኛለህ ይላል። ወደድኩት። ሁለት ስንኝ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ሆኖ ቤት ሲመታ እንደማለት መሰለኝ። ለምን እንደሚጠቅም ግን አላውቅም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ ባለው ጥቅምት ነው። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከአምስት መቶ ካሬ ሜትር በላይ መያዝ አይችልም ተብሏል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ሜትር ከሚይዝላቸው ከከበደ ጋር ሆነው ግቢ ለግቢ እየዞሩ ይለካሉ። ጓድ ታደሰ ቀድሞ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ግን ነበሩ። የመፈክር ጨርቅ የምጽፍላቸው እኔ ስለነበርኩ ያውቁኛል፤ «ገጣሚው» እያሉ ይጠሩኛል፤ ሲጠሩኝ ግማሽ ቀልድ ነው።

ያን ቀን ጠዋት በራችንን አንኳኩተው ና ተከተለኝ አሉኝ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን የጋሽ አይዛ ግቢ አስቸግሯቸዋል።

ጋሽ አይዛ ሸማኔ ናቸው፤ ከጋሞ ደጋ በወጣትነታቸው የመጡ። ግቢያቸው የማንንም ግቢ አይመስልም። ከላይ መንገዱ ዳር ሰፊ ነው፤ ወደ ታች እየጠበበ ወርዶ ወንዙ አፋፍ ላይ እንደ ጅራት ይሾላል። በአንድ ጎኑ መንገዱ ነው። በሁለተኛው ጎኑ ከመንገዱ ተነስቶ ቁልቁል ቀጥ ብሎ የሚወርድ የድንጋይ አጥር አለ። ሦስተኛው ጎን ገደል ነው፤ ሜትር ይዞ የሚሄድበት ሰው የለም። ቁልቁለቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ብርቱካን ከላይ ብትለቁት የትም ሳይቆም ወንዝ ይገባል።

ጅራቱ ላይ ምንም አይበቅልም። ግን ጋሽ አይዛ ድር የሚዘረጉት በአጥሩ ጥግ ነው፤ ከላይ ከመንገዱ ጥግ ካለው ችካል እስከ ጅራቱ ጫፍ እስካለው የመጨረሻ ችካል። ክሩን የሚሰጣቸው የሽሮ ሜዳ ነጋዴ በዚያ ርዝመት ልክ ነው የሚያዛቸው፤ ካጠረ ሥራውን ለሌላ ሸማኔ ይሰጣል። ሰፈሩ ጠባብ ነው፤ መንገድ ላይ ቢዘረጉት ፍየል ያልፍበታል። ስለዚህ የጋሽ አይዛ እንጀራ ያለው በዚያ ምንም በማያበቅል ጅራት ላይ ነበር።

ቀበሌውም የሚፈልገው ጅራቱን ነው። የጋራ ሽንት ቤት ሊያስቆፍርበት አስቧል። እውነቱን ለመናገር ሰፈሩ ሽንት ቤት ያስፈልገው ነበር።

ስንደርስ የጋሽ አይዛ ሚስት እትዬ ወርቄ ለሊቀመንበሩ ወንበር አወጡ። ግቢው ስለሚያዘነብል ወንበሩ ወደ ታች ተንጋደደ። እትዬ ወርቄ ምንም ሳይሉ ሁለት ድንጋይ አምጥተው በታችኛዎቹ እግሮች ሥር ሸጎጡ። ጓድ ታደሰ ተደላድለው ተቀመጡ። ይህን አይቻለሁ፤ አይኔ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም። ግን አይቶ ማስተዋል ሌላ ነው።

ከበደ ለካ። የመንገዱ ጎን ሃያ ሰባት ሜትር። የአጥሩ ጎን፣ ሜትሩን መሬት ላይ እያስተኛ እስከ ጅራቱ ወርዶ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ሜትር። ጓድ ታደሰ ሁለቱን አባዙና ሺህ ሃምሳ ሦስት አሉ። ከግማሽ በላይ ትርፍ።

ጋሽ አይዛ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እጃቸው ክር እንደሚፈትል ሰው አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ ላይ ያሽ ነበር።

«ገጣሚው፣ አባዛ እስቲ አንተም» አሉ ጓድ ታደሰ።

ማባዛቱ ልክ መሆኑን፣ መሬቱ ግን አራት ማዕዘን እንዳልሆነ ነገርኳቸው። አራት ማዕዘን ከጥግ እስከ ጥግ ብትቆርጠው ሁለት እንዲህ ያለ ግቢ ይወጣዋል፤ የጋሽ አይዛ ከሁለቱ አንዱ ነው። መሬት ላይ በእንጨት ሥዬ አሳየኋቸው። ለአፍታ አፈጠጡበትና ለሁለት ከፈሉት። አምስት መቶ ሃያ ስድስት ተኩል።

እትዬ ወርቄ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ትርፉ ሃያ ስድስት ካሬ ተኩል ብቻ ሆነ፤ ከጠቅላላው ከሃያ እጅ አንዱ። ጓድ ታደሰ ራሳቸው ደስ ያላቸው መሰሉ። የመንገዱን ጎን እያዩ፣ ወርዱ ሃያ ሰባት ሜትር ስለሆነ አንድ ሜትር ቁመት ብንወስድ ሃያ ሰባት ካሬ ነው፣ ስለዚህ የሚወሰደው አንድ ሜትር ብቻ ነው አሉ። «አንድ ሜትር ከጅራቱ። ምን ትሆናለህ፣ አይዛ? አንድ ሜትር እኮ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት። ግን ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም፤ ቤት ያልመታ ስንኝ ስሰማ እንደሚያሳክከኝ አሳከከኝ። አንድ ሜትር ከመንገዱ በኩል ቢቆረጥ ልክ ነው አልኩ፤ ከጅራቱ ግን አይደለም። ጅራቱ ሹል ነው፤ አንድ ሜትር ብትቆርጡ የምታገኙት ጨርቅ እንኳ የማይሰጣበት ቁራጭ ነው።

«ታዲያ ስንት ነው የሚቆረጠው?»

የስኳሩ ወረቀት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከጅራቱ የሚቆረጠው ቁራጭ የትልቁ ግቢ ግልገል ነው። ቁመቱ የትልቁ ግማሽ ከሆነ ወርዱም ግማሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ስፋቱ ሩብ ይሆናል። ቁመቱ ሩብ ከሆነ ስፋቱ ከአሥራ ስድስት አንድ ነው። ቁመቱ ከአምስት አንድ ከሆነ ስፋቱ ከሃያ አምስት አንድ። እኛ የምንፈልገው ከሃያ እጅ አንዱን ነው፤ በሁለቱ መካከል። የሠላሳ ዘጠኝ ሩብ አሥር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ አምስተኛው ስምንት አይሞላም። መካከሉ...

«ወደ ዘጠኝ ሜትር» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የሰማሁት።

ጓድ ታደሰ ከወንበራቸው ሳይነሱ ለከበደ ምልክት ሰጡት። ከበደ ከጫፉ ወደ ላይ ዘጠኝ ሜትር ለክቶ ድንጋይ አስቀመጠ። ድንጋዩ ያረፈው ከመጨረሻው ችካል እጅግ ወደ ላይ ነው። እትዬ ወርቄ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማን ጠየቀህ?»

የጠየቀኝማ ነበር። ትክክል መሆኔን ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩ፤ ትክክል ነበርኩ። ትክክል በሆንኩ ቁጥር ጋሽ አይዛ በአንዱ ሜትር ላይ ሌላ ስምንት ሜትር ያጣሉ። ቁጥር እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። በግጥም ብቻ መስሎኝ ነበር አንድ እውነተኛ ቃል ሰው የሚጎዳው።

የቀበሌው ሰዎች ከሰዓት በኋላ ችካል ሊተክሉ እንደሚመለሱ ተናግረው ሄዱ። እኔ ወደ ወፍጮ ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። በጋሽ አይዛ ግቢ አጥሩን ይዤ ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ እንደገና ወረድኩ። ጋሽ አይዛ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። በመጨረሻ «ብርሃኑ» አሉኝ በስሜ ጠርተው፣ «በመመላለስ መሬቱ አይረዝምም።»

ድካም ሲጫነኝ አጥሩ ላይ ተቀመጥኩ። የድንጋይ አጥር ቁልቁለት ላይ ሲሠራ አናቱ እንደ ደረጃ ነው፤ ግንበኛው ድንጋዩን ውሃ ልክ አድርጎ ይሄድና ሲበዛበት አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ እንደገና ውሃ ልክ ይቀጥላል። ያለ ሐሳብ የተቀመጥኩበትን ጠፍጣፋ በስንዝር ለካሁ። ከዚያ ከአጥሩ ሥር ያለውን መሬት በስንዝር ለካሁ። መሬቱ በአንድ ስንዝር በለጠ።

ደገምኩት። በለጠ። እንዴት ነው አንድ አጥር ከላይ አጭር፣ ከታች ረጅም የሚሆነው?

ከበደ ሜትሩን ግቢው ውስጥ ረስቶት ሄዷል። አንድ እርከን በደንብ ለካሁ። ጠፍጣፋው ሁለት ሜትር ከአርባ። ዝቅ የሚለው አንድ ሜትር። ከሥሩ ያዘነበለው መሬት ሁለት ሜትር ከስልሳ። ጠፍጣፋው፣ ዝቅታው፣ ቁልቁለቱ፦ ሦስት ጎን፣ አንድ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ። የስኳር ወረቀቱ ሦስት ማዕዘን አሁን መሬት ላይ አልተኛም፤ ቆሟል። ያች ትንሿ ግልገል ከሆነች ትልቁ የት አለ? ትልቁ ከመንገዱ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ራሱ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ የሁለት ሜትር ከስልሳ አሥራ አምስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋውም አሥራ አምስት እጥፍ፦ ሠላሳ ስድስት።

ሠላሳ ስድስት በሃያ ሰባት፣ ለሁለት። አራት መቶ ሰማንያ ስድስት። ከአምስት መቶ በታች።

ልቤ ዘለለ ብል ደስ ይላችሁ ነበር። አልዘለለም። ፈራሁ። ጠዋት በዚሁ እግር ስንሄድበት ሠላሳ ዘጠኝ የነበረ መሬት እንዴት ሠላሳ ስድስት ይሆናል? የቱ ነው ውሸቱ? ለጋሽ አይዛ ነገርኳቸው፤ ፊታቸው ተኮማተረ። «ሠላሳ ዘጠኝ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ» አሉ። «ሦስቱ ሜትር የት ገባ?»

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ጓድ ታደሰ ሲመለሱ ችካል የተሸከመ ሰው አስከትለዋል። ያው ወንበር ወጣ፤ ያው ሁለት ድንጋይ ከሥሩ ገባ። እየተንተባተብኩ እርከኑን፣ አሥራ አምስት እጥፉን፣ አራት መቶ ሰማንያ ስድስቱን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ጠዋት ሺህ የነበረውን ለሁለት ከፈልክ። ቀጥለህ አንዱን ሜትር ዘጠኝ አደረግህ። አሁን ደግሞ መሬቱን አሳጠርከው። አንተ ልጅ፣ ለማን ነው የምትሠራው?»

በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ለማንም አልኩ። ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው አልኩ። ከበደ ሳቁን ዋጠ።

«ሰማይ ላይ ነው እንዴ የምንኖረው፣ መሬትን ከላይ ሆነን የምንለካው?» አሉ ጓድ ታደሰ። «የምንኖረው መሬት ላይ ነው። መሬቱ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።»

ትክክል ናቸው ብዬ አሰብኩ። በእርግጥ አሰብኩ። ችካሉን ሊያስተክሉ ተነሱ። ሲነሱ ወንበሩ ቀለለና አንዱ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ተንሸራቶ ቁልቁል ተንከባለለ። ወንበሩ ወደቀ። ሁላችንም አየነው። ጠዋት ያየሁትን አሁን ነው ያስተዋልኩት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ድንጋዩ ለምን ገባ?» አልኩ።

«የቱ?»

«ከወንበሩ ሥር ያለው።»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አዩኝ። «እንዳልወድቅ ነዋ።»

እትዬ ወርቄ ያን ጊዜ ነው የገቡበት፤ ወንበሩን እያነሱ፣ ለእኔም ለሊቀመንበሩም ሳይሆን ለወንበሩ እንደሚናገሩ። «የእኛ አልጋም ሁለት ድንጋይ አለው» አሉ። «ምድጃችንም አለው። እዚህ ግቢ ተዳፍቶ የቆመ ምንም ነገር የለም፤ ሁሉንም ደልድለን ነው። መሬቱ ሠላሳ ዘጠኝ ይሁን፤ የምንተኛው ግን ሠላሳ ዘጠኝ ላይ አይደለም።»

ታች ወንዙ ይሰማል።

ጓድ ታደሰ ሜትሩን ከከበደ እጅ ተቀበሉ። ጋሽ አይዛ ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረው ቱምቢ ሠሩላቸው። ሊቀመንበሩ ራሳቸው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ ሜትሩን መሬት ሳያስነኩ በአየር ላይ ውሃ ልክ እየወጠሩ፣ ቱምቢው ባረፈበት ምልክት እያደረጉ፣ እርከን በእርከን ወረዱ። እኔ ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። ሁለቴ ተንሸራተው ተቀመጡ፤ ማንም አልሳቀም። ጅራቱ ጫፍ ስንደርስ ሠላሳ ስድስት ሜትር ከጥቂት ሳንቲሜትር ሆነ። ቆመው ሜትሩን እያዩ ቆዩ። ከዚያ ለባለ ችካሉ፣ ተወው፣ ይዘህ ተመለስ አሉት።

ከበደ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «ያለፈው ሳምንት የለካናቸውስ? እነዚያም ቁልቁለት ላይ ናቸው።»

ጓድ ታደሰ ሜትሩን ጠቀለሉ። ጠቅልለው ሲጨርሱ እንደገና ፈትተው ጠቀለሉት። «ነገ እናያለን» አሉ። ነገ አይተው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሽንት ቤቱ ግን በኋላ ሌላ ቦታ ተቆፈረ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ አይዛ ድር ሲዘረጉ ለማየት ሄድኩ። ከላይኛው ችካል ጀምረው ክሩን እየጎተቱ በአጥሩ ጥግ ወረዱ። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር፤ እንደ እኔ። ቦታቸው እንዲተርፍ ቦታቸው ማነሱን መቀበል ነበረባቸው። የመጨረሻው ችካል ደርሰው ክሩን ጠመጠሙና ሜትር ተውሰህ አምጣ አሉኝ። ለካነው። ክሩ መሬቱን ተከትሎ ነው የወረደው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሞላ።

ጋሽ አይዛ ክሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ነዘረ። «አየህ» አሉኝ። «ለአልጋዬ ሠላሳ ስድስት ነው። ለድሬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ቀበሌው አልጋዬን ለካ። ደግ አደረገ።»

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ብዙ ጊዜ እየተመላለስኩ አሰብኩት፤ እናንተም ብልህ ከሆናችሁ ምናልባት ቀላል ይመስላችኋል። ለእኔ አይቀለኝም። ያን ቀን ሦስት ጊዜ እውነት ተናገርኩ፤ አንዱ ረዳ፣ አንዱ ሊያጠፋ ደረሰ፣ አንዱ መለሰ። ከሦስቱ አንዱም ምን እንደሚያደርግ አስቀድሜ አላወቅኩም። ድሮ ግጥም ስጽፍ ስለ አንድ ነገር አንድ እውነት ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ እሱን ፈልጌ ካገኘሁ የቀረው ቤት ማስመታት ነው። አሁን ከመጻፌ በፊት ለመተኛት ነው ወይስ ለመዘርጋት ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ሰው ስለ ሀዘኑ ሲነግረኝም ሜትሬን መሬት ላይ አስተኝቼው እንደሆነ፣ ወይስ አየር ላይ ወጥሬው እንደሆነ አስባለሁ። ብዙ ጊዜ አላውቀውም። ግጥሜ በዚህ የተነሳ ዝግ ብሏል። ተሻሽሏል የሚሉ አሉ፤ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰፈሬን ስወርድ እግሬ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል፤ ጭንቅላቴ ሠላሳ ስድስት ይላል። ሁለቱን ማስታረቅ ትቻለሁ፤ ይዣቸው እሄዳለሁ።

እናንተ ግን ቁልቁለት ላይ የምትኖሩ ከሆነ፣ ዛሬ ስትገቡ ጎንበስ ብላችሁ የአልጋችሁን ሥር እዩ። ከታችኛዎቹ እግሮች ሥር አንድ ሰው፣ ምናልባት እናታችሁ፣ ምንም ሳትናገር የሸጎጠችው ድንጋይ ይኖራል። የጋሽ አይዛ ሦስት ሜትር እዚያ ነበር የገባው።